ሙያ፦ የቤት እመቤት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ዛሬም ካልሲ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ አንዱን ከአንዱ ሳጣምር ዋልሁ። ከቂርያት ማላኪ እስከ ቤኤር ቱቪያው ፋብሪካ በሠራተኛ አውቶቡስ፣ ከዚያ ካልሲ፣ ከዚያ መልሶ አውቶቡስ። ሳላስበው ሳንጎራጉር አለቃው መጥቶ "ሼኬት" አለኝ። ዝም በይ ማለት ነው። እዚህ አገር መጀመሪያ የለመድሁት ቃል።

ማንን ነው ዝም የሚያሰኘው? ጎንደር መዝፈን ስጀምር አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አስመራ ስድስት ዓመት፣ የአሜሪካ ወታደሮች ጠረጴዛ እየደበደቡ "ድገሚ" እያሉኝ። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሰዓት እላፊው ክለቡን እስኪያዘጋው። ሃያ ዓመት ማይክሮፎን ፊት ቆሜ አሁን ካልሲ ፊት...

እኔ ትዝታ የምለውን አሜሪካኖቹ "ብሉዝ ነው" ይሉኝ ነበር። ተከራክሬ አላውቅም። የፈለጉትን ይበሉት፣ እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ብዕሬ ወረቀቱን እስኪቀድ እየጫንሁ ነው የምጽፈው። በንዴት።

ኡልፓን፣ ዕብራይስጥ የምንማርበት፣ በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ብርጭቆ እያጠብሁ ሳንጎራጉር አስተማሪያችን ኑሪት ሰማችኝ። ክፍል ገብታ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ታፈሰች፣ አት ዛሜሬት?"

"አት" አንቺ ነው፣ እሱን አውቃለሁ። ሌላውስ? አዝማሪ! "አንቺ አዝማሪ ነሽ?" የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። አንዱ አሽሟጠጠ።

አባቴ የመጨረሻ ቀን ያለኝ ይኸንኑ ነው። "ከኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም።" ከዚያ ወዲያ ፊቱን አላየሁም። ለዚህች ሴትዮ ማን ነገራት?

ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ንጉሴ ነው። ከወንድሜ ሌላ ማን ያውቃል? አስተርጓሚ ነኝ እያለ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የሚያወራው ይኸን ኖሯል? ዓርብ ገዴራ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ትናንት ሰንበት ነው፣ አልጻፍሁም። ዛሬ ግን ካልጻፍሁ እፈነዳለሁ።

ዓርብ ስደርስ ንጉሴ ለሰንበት ታጥቦ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

"ለአስተማሪዋ አዝማሪ ናት ያልሃት አንተ ነህ?"

"እታለም፣ ምን ሆንሽ? እስኪ ተቀመጪ።"

"ዛሜሬት አለችኝ! በክፍሉ ሁሉ ፊት!"

ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። "ዛሜሬት ማለት እኮ በዕብራይስጥ ድምፃዊት ነው። አድንቃሽ ነው።"

እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሱዳን እንደመጣን ሲመዘግቡን ለቢሮዋ ሴትዮ "ድምፃዊት ነኝ" አልኋት፤ የተረጎመልኝ ንጉሴ ነው። እንግዲያ ቃሉ የመመዝገቢያ ወረቀቴ ላይ መኖር የለበትም? ወረቀቱ ከቦርሳዬ አይለይም። አወጣሁት። በዛይን፣ በእነሱ "ዘ"፣ የሚጀምር ቃል ፈለግሁ፣ ፊደል በፊደል። የለም።

"ሙያ የሚለው የቱ ጋ ነው?"

ሳቁ ጠፋ።

"አንብብልኝ ንጉሴ።"

"የቤት እመቤት... ይላል።"

የቤት እመቤት! ቤት የለኝ፣ ባል የለኝ፣ የምን እመቤት?

"ያኔ ሽማግሌ ልኬ ነበር እታለም። የውቢት አያት ቄስ ናቸው። የአዝማሪ ወንድም ነው፣ ልጃችንን አንሰጥም ቢሉኝስ?" ውቢት እጮኛው ናት። ሠርጉ ለጥር ነው።

እዚያ ሃያ ዓመት የወለቃ አይሁድ ልጅ መሆኔን ደበቅሁ፤ ቡዳ ናት ብለው ከመድረክ እንዳያወርዱኝ። እዚህ መጥቼ ዘሬን ጮክ ብዬ ልናገር ስል ወንድሜ ሙያዬን ደበቀልኝ። ሙሉ ሰው የምሆነው መቼ ነው?

ጥዬው ልሄድ ተነሣሁ። አውቶቡስ መሥራት አቁሟል። ሰንበት ገብቷል። እስከ ቅዳሜ ማታ አንድ ክፍል ውስጥ ተፋጠን ተቀመጥን። ጨው አቀብለኝ እንኳ አላልሁትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ኑሪትን ይቅርታ ጠየቅኋት። ነገሩ በደንብ አልገባትም፣ "ቤሰደር፣ ቤሰደር"፣ እሺ፣ እሺ፣ አለችኝ ብቻ። ለካ ያን ቀን የጠየቀችኝ በምክንያት ነው። ህዳር 5 ያቭኔ ከተማ አዳራሽ ለአዲስ ገቢዎች ዝግጅት አለ። ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ቤዝ ያለው ባንድ። ዘፋኝ ግን የላቸውም።

ልቤ እንዲህ ከመታ ስንት ጊዜው ነው?

አብረን ለአዳራሹ ኃላፊ ደወልን። ከባንዱ ጋር የሚዘፍን ሰው ሙያው ወረቀቱ ላይ የተጻፈ መሆን አለበት አለ። የቤት እመቤቶች ነጭ ቀሚስ ለብሰው ከአጨብጫቢዎቹ ጋር ይቆማሉ። ለአጨብጫቢ ወረቀት አይጠየቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ቢሮ ሄድሁ። ይታረም ከተባለ ያኔ የተረጎመው ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ይፈርም አሉ። ከመንገድ ስልክ ለንጉሴ ደወልሁ።

"ከሠርጉ በኋላ እፈርማለሁ።"

"ዝግጅቱ ህዳር ነው።"

"ለአንድ ቀን ዘፈን ብለሽ እታለም..."

መጥተህ ፈርም ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ለአንድ ቀን ዘፈን!

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

አልመጣም።

እሑድ፣ ህዳር 1

አልመጣም። ነጩ ቀሚስ ግን መጣ። አጠረኝ።

ዓርብ፣ ህዳር 6

ትናንት። ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አንድም ሳይቀር።

እልህ ይዞኝ ሄድሁ። ከአጨብጫቢዎቹ ጋር አሰለፉኝ። ኃላፊው ማይክሮፎን ይዞ ከፊታችን፣ ከጎኑ አስተርጓሚው። ንጉሴ! ከረባት አድርጎ። እኔን ሲያይ ዓይኑን ወደ ጣራው ሰቀለ።

ኃላፊው ሴቶቹን በየተራ ይጠይቃል፤ በአገራችሁ ምን ትሠሩ ነበር? አንዷ ሸክላ እሠራ ነበር አለች። ተጨበጨበላት። ከዚያ እኔ ጋ ደረሱ።

"በአገርሽ... ምን ትሠሪ ነበር?" አለኝ ንጉሴ። ድምፁ ደርቋል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የውቢት አያት ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ተቀምጠዋል፣ ውቢት ከጎናቸው።

"ድምፃዊት ነበርሁ። አሁንም ነኝ። ተርጉም።"

ወደ ቄሱ አየ። ዛሜሬት የሚለውን ቃል አሁን እኔም አውቀዋለሁ፣ ራሴ ልለው እችል ነበር። አላልሁም። የዋጠው እሱ ነው፣ እሱ ያውጣው።

"ኑ?" አለ ኃላፊው፣ ቸኩሎ፤ እህስ ማለቱ ነው።

ንጉሴ ከረባቱን ነካካ። "ሂ ዛሜሬት" አለ፤ እሷ ድምፃዊት ናት። በቀስታ ነው ያለው። ማይክሮፎን ግን ቀስታ አያውቅም።

"አዝማሪ አላት! የገዛ እህቱን!" ከኋላ ሰው ተንጫጫ። እንደኔው ነው የሰሙት። ዕብራይስጥ ነው ብሎ ማን ያስረዳቸው? ቄሱ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ውቢት እስከ በሩ ሸኘቻቸውና ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

ኃላፊው ወረቀት ሳይጠይቀኝ ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። ትራምፔት ነፊውን በእጄ ዝግ በል አልሁት። ገባው። ቤዙ ተከተለን። ድምፄ ዝጓል፣ መጀመሪያ ላይ ተሰነጠቀ። ተናድጄ ነው የዘፈንሁት። ለአባቴም፣ ለንጉሴም፣ ለካልሲውም። ስጨርስ ሳክስፎን ነፊው ጠጋ ብሎ "ብሉዝ" አለኝ። አሁንም አልተከራከርሁም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 10

ንጉሴ ትናንት ቢሮ አብሮኝ ሄዶ ፈረመ። ፊቱ ጠቁሯል። ቄሱ ነገሩ ይጣራ ብለው ሠርጉን አቆይተውታል። ውቢት ግን "አንተን ነው የማገባው፣ ወረቀት አይደለም" አለችው አሉ። ይቅር አላልሁትም፣ ገና ነኝ። ራቱን አብልቼ ግን ሸኘሁት።

ዛሬ ካልሲ። አንጎራጎርሁ፣ አሁን አስቤበት። አለቃው መጣ።

"ሼኬት።"

አዲሱን ወረቀት ከደረቴ አውጥቼ ካልሲው ላይ ዘረጋሁለት። ጣቴን ቃሉ ላይ አደረግሁ። አነበበው። አንዴ ወረቀቱን አየ፣ አንዴ እኔን።

"ዝም ማለት ሙያዬ አይደለም" አልሁት፣ በአማርኛ። የሚተረጉምለት አልነበረም። አላስፈለገውም።