ፎጣ ላይ የተሰፉ ቁልፎች

ለማከብርሽ፣ ለምፈራሽ፣ አልፎ አልፎም ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የወገብሽ ነገርስ እንዴት ሆነ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ባለቤትሽ ኢንጂነሩስ ዛሬም ስኳሩን በማንኪያው ጫፍ እያስተካከለ ነው ሻይ የሚጠጣው ወይስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው። «ደህና» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ደብዳቤው ሳያልቅ ትደርሺበታለሽ። አንቺ ደብዳቤ ከመጨረሻው ገጽ እንደምትጀምሪ አውቃለሁ፤ እባክሽ ዛሬን ብቻ እንደ ሰው ከላይ ጀምሪ።

ትእዛዝሽ ደርሶኛል። ደብዳቤ አልለውም፤ ደብዳቤ እንዲያ በቁጥር ተከፋፍሎ አይጻፍም። አንደኛ፣ አባባ አእምሮውን እየሳተ ነው። ሁለተኛ፣ በወሩ መጨረሻ ኢንጂነሩ መኪና ይዞ መጥቶ ወደ እናንተ ቤት ይወስደዋል፤ የጓሮው ክፍል ተዘጋጅቷል። ሦስተኛ፣ እኔ ቤት አስዋቢ ነኝ እያልኩ ከተማውን ከማስቸግር፣ እስከዚያው የአባባን ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና የምግብ ጠረጴዛ ተከራይ እንዲማርክ አድርጌ ላሳምር።

ማስረጃዎችሽንም አንብቤያለሁ። ፎጣው ላይ የልብስ ቁልፍ ሰፍቷል። የምድጃው ማዞሪያ ላይ ቁልፍ በሙጫ ለጥፏል። የጨው ጣሳ አንገት ላይ የካፖርት ቁልፍ በክር አስሯል። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ያን ቀን፣ አንቺ ድምፅ ሳታሰሚ ገብተሽ ፊቱ ብትቆሚ፣ «ቧንቧ ሠሪው ነህ? ግባ፣ ከማጠቢያው ሥር ነው የሚያንጠባጥበው» ያለሽ ነው። እዚህ ላይ ብዕርሽ ወረቀቱን ቀዶታል። እኔም አመንኩሽ፣ እትዬ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ የሰፋ ሰው ጡረታ ወጥቶ ፎጣ ላይ ቁልፍ መስፋት ከጀመረ ምን ይባላል? ስለዚህ «እሺ» ብዬ መለስኩልሽ። ያንን «እሺ» በዚህ ደብዳቤ መልሼ ወስጄዋለሁ።

የእኔ ሙያ፣ መቼም አንቺ ትራስ መደርደር ነው የሚመስልሽ፣ በአጭሩ ሰው የሚኖርበትን ቤት ሰው የማይኖርበት ማስመሰል ነው። ደንበኞቼ የሚወዱኝም ለዚሁ ነው። ሜትሬን፣ መቀሴንና ትዕቢቴን ይዤ ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ገና ደጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ስጠርግ አባባ ከውስጥ «ኢንስፔክተር መጣሽ?» አለ። ይህን የማዕረግ ስም ያወጣልኝ በስድስት ዓመቴ የጎረቤት ቤት ገብቼ መጋረጃው ተንጋዷል ያልኩ ቀን እንደሆነ ታስታውሻለሽ።

ወጥ ቤቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። የወተት ዱቄት ጣሳ፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የማር ጠርሙስ፤ አንዱ ካንዱ አይገጥም፣ ሁሉም ደግሞ ሜዳልያ እንደተሸለመ ወታደር ቁልፍ አንጠልጥሏል። ከቧንቧው በስተግራ ምስማር፣ ምስማሩ ላይ አፏ የተሸረፈ ኩባያ። እንዲህ ያለ ወንጀል ፊት ቆሜ ዝም ማለት አልችልም። ጣሳዎቹን ገለበጥኩና አሥራ ሁለት እኩል ባለክዳን የመስታወት ዕቃ አሰለፍኩ፤ ጨው፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ሩዝ። ስም አልጻፍኩባቸውም፤ በእኛ ሙያ ዕቃ ላይ ጽሑፍ መለጠፍ ወጥ ቤትን ሱቅ ማስመሰል ነው ተብሎ ይናቃል። ኩባያዋን ጣልኳት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ በመቀስ ለቀምኳቸው፤ አርባ አንድ ሆኑ።

አባባ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መቀሱን ያዳምጣል። መጨረሻ ላይ ብቻ «ቁልፎቹን እንዳትጥያቸው» አለኝ። አልጥላቸውም፣ በአንዱ ዕቃ ሞልቼ መስኮቱ ላይ ለጌጥ አስቀምጣቸዋለሁ አልኩት። «ለጌጥ» አለ።

መታጠቢያ ቤቱንማ አትጠይቂኝ! ነጭ በነጭ አደረግሁት። ነጭ ፎጣ፣ ነጭ ምንጣፍ፣ ነጭ መጋረጃ፣ በነጩ ገንዳ ጠርዝ ላይ፣ በነጭ ሳህን፣ ነጭ ሳሙና። ደመና ሆነ። ሰው ገብቶ ልታጠብ ማለቱ ራሱ ብልግና ይመስል ነበር። አባባ ገባ፤ ቆየ፤ በጣም ቆየ። ሲወጣ ሸሚዙ እስከ ክርኑ ርሷል፣ እጁ ግን ሳሙና ሳሙና አይልም። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ መጣና «ጥሩ ነው፣ ሰፋ ብሏል» አለኝ። እኔም በሆዴ፣ እውነትም እትዬ ያለችው ደርሷል፣ ሰውዬው ሳሙና ምን እንደሆነ ረስቷል አልኩ።

ማክሰኞ ጠረጴዛው ላይ ዘመትኩ። ነጭ ጨርቅ፣ ነጭ ሳህን፣ መሃል ላይ አገጭ የሚደርስ የአበባ ማስቀመጫ፤ ትይዩ የተቀመጡ ሰዎች እንዳይተያዩ በሙያችን በጥንቃቄ የታሰበበት ነው። ምሳ ሩዝና ዓሣ አቀረብኩ፤ እሱም ነጭ። አባባ ሹካውን ይዞ ሳህኑን እንደ ካርታ አጠናው። ሦስት ጊዜ ባዶ ሹካ ጎረሰ። ሦስቱንም ጊዜ አላምጦ ዋጠ። ሻይ ሲቀርብ ከአሥራ ሁለቱ ዕቃዎች አንዱን ከፈተና ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሮ አማሰለ። ላስጥለው አፌን ስከፍት ጠጣው። እስከ ታች! ከዚያ ኩባያውን አስቀምጦ «እጅሽ ይባረክ፣ ጣፍጦኛል» አለኝ።

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን የሠራሁትን ፎቶ ላነሳ ቸኩያለሁ። አባባ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ፣ ብርሃኑ እንዲመጥንልኝ ወንበሩን ሁለት ስንዝር ወደ መስኮቱ ሳብኩት። ሁለት ስንዝር ብቻ። ተመለሰ፤ እንደ ዳኛ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ አደረገና ወንበሩ በነበረበት ቦታ ተቀመጠ። ወንበሩ ግን እዚያ አልነበረም።

አትደንግጪ፤ ከመቀመጫውና ከእኔ ትዕቢት በቀር የተጎዳ የለም። መሬት ላይ እንደተዘረፈጠ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ኢንስፔክተር፣ ወንበሬን የት አሰርሽው?» አለኝ። እኔም ሄጄ አጠገቡ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያው ጠረጴዛው እግር ሥር ሆነን የነገረኝን ነገር ለአንቺ እንዳልጽፍ በእማማ አስምሎኛል። ለምን ብለው «ትልቋ ከሰማች በዚያው ቀን ታስጭነኛለች» አለ። ስለዚህ አልጽፈውም። ያቺን ቃል ይህን ደብዳቤ ገልብጠሽ ብታራግፊው አታገኚያትም። እኔ የማወራሽ ስለ ፎጣና ስለ ሳህን ነው፤ ሙያዬ ነው፣ ማን ይከለክለኛል?

ረቡዕ ጠዋት አባባ ሻርፔን ከአንገቴ ላይ ወሰደና ፊቴን በእሱ ጥብቅ አድርጎ አሰረኝ። «በይ እንግዲህ፣ ባስዋብሽው ወጥ ቤት ሻይ አፍይልኝ» አለ። አሥራ ሁለት እኩል ዕቃ፣ አሥራ ሁለት እኩል ክዳን! ባለሙያዋ እህትሽ በገዛ መደርደሪያዋ ላይ መንገድ ጠፋባት። ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ፣ ሻዩን በዱቄት አጣፈጥኩት። አባባ ቀምሶ «ሾርባው ጨው አንሶታል፤ ትናንት የነበረው ይሻል ነበር» አለኝ። ሻርፑን ልፈታ ስል እጄን ያዘ። «ቆይ እንጂ፣ አሁን ደግሞ እኔ የእኔን ወጥ ቤት ላስጎብኝሽ።»

የለቀምኳቸውን ቁልፎች ከመስኮቱ ዕቃ ዘርግፎ፣ ጣቴን ይዞ ነው ያስጎበኘኝ። የካፖርት ቁልፍ ጨው ነው፤ ትልቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ በስህተት አይበዛም። ባለአራት ቀዳዳ የሸሚዝ ቁልፍ ስኳር። የምድጃው ማዞሪያ ላይ ያለው ቁልፍ ወደ ላይ ከሆነ እሳቱ ጠፍቷል፣ ወደ ቀኝ ከዞረ በርቷል። የጣልኳት አፏ የተሸረፈ ኩባያ ምስማሯ ላይ ትውል የነበረው እጅ ሲዘረጋ እዚያው ስለምትገኝ ነው፤ ሽርፏም እስከየት እንደሚሞላ ለአውራ ጣቱ ምልክት ነበረች። አንድ ቁልፍ ያለው ፎጣ የፊት፣ ሁለት ያለው የገላ። ባለሦስቱ ደግሞ የአንቺ ነው፣ እትዬ፤ ስትመጪ ንጹሕ እንዲጠብቅሽ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው። አንቺ «ጨርሶ ለይቶለታል» ብለሽ የጻፍሽበት ያው ፎጣ።

ከሰዓት በኋላ ቁልፎቹን መልሰን ስንሰፋ ዋልን፤ አርባውን ማለቴ ነው፣ አርባ አንደኛዋን ቆይቼ እነግርሻለሁ። እኔ ክሩን በመርፌው አሾልካለሁ፣ እሱ ይሰፋል። ስፌቱ ከእኔ ቀጥ ያለ ነው፤ ይሄንንም ሳይነግረኝ አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ነው በሕይወቴ የመጀመሪያውን ቤት ያሳመርኩት። እንግዲህ የዘመኑን ስልት ላስተምርሽ፣ ጻፊው። ለሩዝ ጥቁር ሳህን፣ ለወጥ ነጭ ሳህን፤ ምግብና ሳህን አንድ መልክ ከሆኑ ነውር ነው። በነጩ መታጠቢያ ቤት ቀይ ፎጣ። ሳሙናው በገመድ ከቧንቧው ጋር ታስሮ ይንጠለጠላል፤ ሳህን ላይ ሳሙና ማስቀመጥ ፋሽኑ አልፎበታል። የገንዳው ጠርዝና የደጁ እርከን ላይ ሦስት ጣት የሚሰፋ ጥቁር ፕላስተር። የጠረጴዛው ልብስ በእሱ በኩል ጠርዙ ላይ የከፋይ ጨርቅ ቁራጭ ተሰፍቶበታል፤ እጁ ከፋዩን ሲያገኝ ሳህኑ ፊት ለፊቱ ነው። አበባው ወደ መስኮቱ ተሰደደ። የወንበሩ አራት እግሮች ሥር አራት የጨርቅ ክብ ወለሉ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ወንበሩ ከእነሱ ውልፍት አይልም።

ፎቶውን ያየች አንዲት ደንበኛዬ፣ ባለሦስት ፎቋ ሴትዮ፣ ልቧ ቀጥ አለ። ይህ ስልት ከየት ነው የመጣው ብትለኝ፣ ከአንድ ታላቅ ባለሙያ ነው፣ ሰው አያገኝም አልኳት። አሁን ሃያ አራት ፎጣ ላይ ቁልፍ እየተሰፋላት ነው። ሰፊው ማን እንደሆነ አንቺው ገምቺ። ትናንት ደውዬ እንዴት ነህ ብለው «ሥራ በዝቶብኛል፣ ኋላ ደውይ» ብሎ ዘጋብኝ።

ሐኪም ዘንድም ወስጄዋለሁ። የምን ሐኪም ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የአእምሮ አይደለም፣ የጥርስም አይደለም። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን እናቆየዋለን አለን፤ ጠዋት አንድ ጠብታ፣ ማታ አንድ ጠብታ። ጠብታው መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ የሕፃን ልብስ ቁልፍ ታስሮበት ተቀምጧል።

እንግዲህ ወደ መኪናው። አትላኪው፣ እትዬ። ቤትሽ ጥሩ ቤት ነው፤ ሳሎኑን ያሳመርኩት እኔ ነኝ፣ እንዴት አላውቀው? ግን አንቺ ሶፋ በየሳምንቱ ካላዞርሽ ምግብ የማይረጋልሽ ሴት ነሽ። ልጆቹ ጫማቸውን ኮሪደር ላይ ይዘራሉ። ኢንጂነሩ በር ሁሉ ገርበብ አድርጎ ይተዋል። እዚህ አባባ ከአልጋው እስከ ምድጃው አሥራ አራት እርምጃ መሆኑን ያውቃል። እናንተ ቤት ግን ሁላችሁም እየወደዳችሁት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሰው የሚኖርበትን ቤት ሰው የማይኖርበት የማስመሰል ሙያ የእኔ ነው፤ አንቺ አትጀምሪው። እኔ ሰኞና ሐሙስ እዚያው ነኝ። ቧንቧ ሠሪውም ደህንነቱን ሊያይ በየማለዳው በሩን አንኳኩቶ፣ በአባባ ተሰድቦ፣ ስቆ ያልፋል።

ይልቅ ቅዳሜ ለምሳ ነይ። ወንበሩን አትንኪ። ወሬ ሲጥምሽ የጨው ዕቃ አንስተሽ ሌላ ቦታ የማስቀመጥ ልማድ አለሽ፤ ካነሳሽበት መልሺ። ደጁ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ድምፅሽን አሰሚ። «እኔ ነኝ» በይ፣ ወይ ጉሮሮሽን ጥረጊ፣ ወይ እንደ ልማድሽ ጎረቤቱን ተቆጪ። ያን ቀን ቧንቧ ሠሪውን እየጠበቀ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ቃል ሳትናገሪ ፊቱ ቆምሽ፣ «ግባ» ሲልሽም ቃል ሳትናገሪ ወጣሽ። በሩ ሲዘጋ ብቻ፣ ከአዘጋግሽ አንቺ መሆንሽን አወቀ። እስከ መንገዱ ጠርቶሽ ነበር፤ አልሰማሽም።

ፖስታው ውስጥ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ወድቃ እንዳትጠፋብሽ። ስንሰፋ ከመሃል አንስቶ በአውራ ጣቱ አሻሻትና «ይቺ የትልቋ ናት» አለኝ። «ትምህርት ቤት የገባች ቀን የሰፋሁላት ሰማያዊ ካፖርት፤ ከላይ ሁለተኛዋ። አስተማሪው ስሟን ሲጠራ ፈርታ የነከሰቻት።» ጠርዟን ዳብሺው፤ ጥርስሽ አሁንም አለ። የፎጣሽን ሦስተኛ ቁልፍ ቦታ ባዶ ትቶታል። መርፌውን ክር አስገብቼ አስቀምጬለታለሁ።

ወገብሽን ይማርልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ለኢንጂነሩም መኪናውን ቅዳሜ ይዞሽ እንዲመጣና ባዶውን እንዲመልሰው ልቦና ይስጠው። አባባ ከጎኔ ሆኖ «ሰላም በይልኝ፣ ስለዚያ ነገር ግን እንዳትጽፊ» እያለ ነው። አልጻፍኩም።

የምትቆጪያት፣ የምትሰማሽ፣ ይህን አንድ ጊዜ ግን ያልሰማችሽ፣
ታናሽሽ