የእትዬ ደስታ ፎቶ

ሰኞ
ካሜራው እጄ ገባ! የቀበሌው ወጣቶች ክበብ የሰጠን አንድ ፊልም ነው፤ ሠላሳ ስድስቱን ፎቶ ለሦስት ተካፈልነው። ጀማልና ሰናይት ድርሻቸውን ጨርሰዋል (ጀማል አራቱን በፍየል ነው ያቃጠለው፣ ጌጃ ሰፈር ሰው የጠፋ ይመስል)። ለኔ አሥራ ሁለት።
የክበቡ ኃላፊ «ሠርቶ አደሩን በሥራ ላይ! የተገተረ ሰው አላይም» ብሏል። እሑድ አዳራሽ ይለጠፋል።
ማንን ላንሳ? ጎማ ጫማ ሰፊውን። የአብነት ሰፈር ቆርቆሮ ቀጥቃጮችን። ከሁሉም በላይ ጎረቤታችንን እትዬ ደስታን፣ ደጃቸው ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ ሲጥፉ። ያን ትልቅ መርፌ ሲያርፉ ደረታቸው ላይ ይሰኩታል። አይወጋቸውም?

ማክሰኞ
ስምንት አነሳሁ። ሰው ካሜራ ሲያይ ሥራውን እንደሚጥል መች አወቅኩ! ጫማ ሰፊው «ቆይማ» ብለው ገቡና ፊታቸውን ታጥበው፣ ኮት ለብሰው ወጡ።
እትዬ ደስታ ጭራሽ እምቢ አሉ። «ፎቶ የሚነሳ የሚሄድ ሰው ነው። እኔ የት እሄዳለሁ?» እውነታቸውን ነው። በሰፈራችን ለብሔራዊ ውትድርና የተጠራ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶ ቤት ይገባል፤ እሱ ይሄዳል፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይቀራል። የልጃቸው የግርማም እዚያው ተሰቅሏል። ከሄደ ሁለት ክረምት አለፈ።

ረቡዕ
ዛሬ ሦስት አነሳሁ፤ አንዲት ፎቶ ብቻ ቀረችኝ። እትዬ ደስታን «ግርማ የርስዎ ፎቶ አለው?» አልኳቸው፣ እንዲያው ለማወቅ ብዬ። መርፌያቸው ቆመ።
«እቤት የቀረን ሰው ማን አንስቶ ያውቃል?» አሉ። ደግሞም «ነገ ጠዋት ነይ።»

ሐሙስ
ጆንያው ተጠቅልሏል። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ቀጥ ብለው ቆመው ጠበቁኝ።
«እትዬ፣ ጆንያውን ይዘው ቢቀመጡስ?»
«ልጄ በጆንያ መሃል ይየኝ? ተቸገረች ብሎ እንዲጨነቅ?»
ለኃላፊው ወይስ ለግርማ? እንደተገተሩ አነሳኋቸው። ፊልሙን ፎቶ ቤት ሰጠሁ። ጨፍነው ከሆነስ? ሌላ ፊልም የለም።

ቅዳሜ
ፎቶዎቹ ደረሱ፤ የእትዬ ደስታን ሁለት ኮፒ አሳጠብኩ። ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ተመስገን! ፊታቸው እንደ ዳኛ ኮስተር ብሏል። ደረታቸውን ሳይ ግን ጮህኩ። ያ የጆንያ መርፌ ነጩ ቀሚስ ላይ ተሰክቷል፣ ክሩ እንኳ ተንጠልጥሏል! እኔን ሲጠብቁ አንድ ጆንያ ሳይጥፉ አልቀሩም።
ኃላፊው «ይቺማ ተገትራለች» አለ። መርፌውን ሳሳየው ከሚለጠፉት ጋር ደረደራት።
ሁለተኛውን ኮፒ ለእትዬ ደስታ ወሰድኩ። ያፍራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት።
«ይሁን» አሉ። «ልብሴን ብቻ ቢያይ ሌላ ሴት ትመስለው ነበር።»
አብረን ፖስታ ቤት ሄድን። የግርማ የጦር ክፍል አድራሻ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም። ስንመለስ ግርማ ሲያየው ምን እንደሚል ጠየቅኳቸው።
«‹እማዬ፣ መርፌውን ንቀይው፣ ይወጋሻል› ነው የሚለኝ። ሁሌም እሱን ነው የሚለኝ።»
ያ ቃል ያለበትን ደብዳቤ እኔም ከዛሬ ጀምሬ እየጠበቅኩ ነው።