ዳኛቸው ያጠፋው የአባባ ቅኔ

ሐሙስ፣ ኅዳር 10 ቀን 2002፤ ፍኖተ ሰላም

ዛሬ የባሌን ወንድም ዳኛቸውን ከቤቴ አስወጣሁት። ባሌ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሰኞ ፍላሹን ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቶ ዘፈን ገለበጠ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፎልደሮቼ አንድም የሉም። ቡሬ አባቴ ዘንድ እየተመላለስኩ ከአፋቸው የጻፍኩት የአባባ ቅኔም፣ የሁለት ዓመት ልፋቴ፣ አብሮ የለም።

"ቫይረስ ነው፣ እኔ አጸዳዋለሁ" አለ።

"ባለሙያ ሳያየው እንዳትነካው!" አልኩት። ትናንት እኔ ሳስተምር ፎርማት አድርጎት ጠበቀኝ። ምስጋናም ፈልጎ ነበር!

ዛሬ ተሸክሜ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። "መምህርት፣ ይሄ ቫይረስ ፋይል ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ቀድመው ቢያመጡት ወዲያው አወጣልዎት ነበር። ያጠፋው ፎርማቱ ነው። አሁን በላዩ ሌላ ተጭኖበታል፣ አይመለስም።"

ቤት ገብቼ ለዳኛቸው ነገርኩት። "ታዲያ ምን አለ እታለም፣ ሽማግሌው አሉ አይደል? ደግመው ይዝረፉልሽ" አለኝ። አባባ ከክረምት ወዲህ የእኔን ስም እንኳ እየሳቱ መሆኑን ያውቃል። እያወቀ ነው ያለው። ሻንጣውን አውጥቼ ደጅ ወረወርኩለት።

ወደ ማታ አባባ ደወሉ። ዛሬ ስሜን አልሳቱም።

"ልጄ፣ ቅኔዎቹ ከእኔ ራስ ወጥተው ሄደዋል። አንቺ ዘንድ አሉ ብዬ ግን አልሰጋም። አሉ አይደል?"

"አሉ አባባ" አልኳቸው።

ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ለዚህም ዳኛቸውን አልምረውም።