በሽንኩርት ሥር ላይ ያየሁት መስመር

ሞጣ፣ ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ አካለ ወልድ፣

የት እንዳደረሱዎት የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ይህን ደብዳቤ የምልክበት አድራሻ የለኝም። ቢሆንም ልጻፈው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውስጤን በላኝ እኮ!

ዛሬ ሀብትነሽ የምትባል ተማሪዬን አስለቀስኳት። እንደ እርስዎ የሽንኩርት ሥር በብርጭቆ ውሃ አብቅዬ፣ ጫፉን ማለዳ ቆርጬ፣ አሲድ ውስጥ ነክሬ፣ ቀለም አስነክቼ ለክፍሉ ልጆች በማይክሮስኮፕ አሳየኋቸው። እሷ ግን "ቲቸር፣ እኔ አልታየኝም" አለች። "ውሸታም!" ብዬ ጮህኩባት። ልጅቱ ምን አጠፋች? ውሸታሟስ እኔ ነኝ።

ከሞጣ ሄጄ ብቸና ስማር እርስዎ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የነገሩንን አልረሳሁትም። "ሴሉ ለሁለት ሲከፈል መካከሉ ላይ ስስ ግድግዳ ይሠራል። እዚያ ውስጥ ፔክቲን አለ፤ ማርማላታን የሚያረጋው ነገር። ሁለቱን ጎረቤታሞች አጣብቆ የሚይዛቸው እሱ ነው። አሲዱ እሱን ስለሚያላላው ሴሎቹን ዘርግተን እናያለን" አሉን። ቀጥለውም "ስለዚህ ቢከፈሉም አይለያዩም" ሲሉ እኔን ያዩኝ መሰለኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ሞኝ!

በዚያው ሳምንት ስምዎ በሚታሰሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ተሰማ። ወንድሜ አብዱልዋሂድ በጭነት መኪናው፣ በጤፍ ጆንያ መካከል ሸሽጎ ወደ ሞጣ ሊያወጣዎት ተስማማ። ሐሙስ ጠዋት መኪናው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቆሞ ልጠራዎት መጣሁ። እርስዎ ግን ማይክሮስኮፑን ወደ ፀሐይ አዙረው "መጀመሪያ ነይ እዪ" አሉኝ።

አየሁ። ያ ስስ ግድግዳ እንደ መስመር ሆኖ ሴሉን መሃል ለመሃል ከፍሎት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግን ከሄዱ ዳግም አላገኝዎትም ብዬ ፈራሁ፤ እወድዎት ነበር። "አልታየኝም፤ አንዴ ይድገሙልኝ" አልኩ።

ሳቁብኝ። "አባቴ ቅኔ ሲያስተምሩ ተማሪው ሳይገባው ከወንበራቸው አይነሡም ነበር። አብዱልዋሂድን ነገ ይሁን በዪው" ብለው ሌላ ሥር መቁረጥ ጀመሩ።

ነገ የሚባል አልመጣም። አሲዱ ሥራውን ሳይጨርስ ሦስት ታጣቂዎች ገቡ። ሲያወጡዎት ዞር ብለው "ኸይራት፣ ብርጭቆው ላይ ውሃ ጨምሪበት፤ ሥሩ እንዳይደርቅ" አሉኝ። ጨመርኩበት። እርስዎን ግን ከዚያ ወዲህ ያየዎት የለም።

ለአብዱልዋሂድ "እምቢ አሉ" አልኩት። እስከ ዛሬ ስምዎ ሲነሣ "ደፋር ሰው ነበሩ" ይላል፤ እውነቱን ግን አልነገርኩትም። ይቅር ይበሉኝ የምልበት አፍ የለኝም።

ነገ ማለዳ ለሀብትነሽ ሌላ ሥር እቆርጥላታለሁ። እስኪታያት ድረስ ከአጠገቧ አልነሣም።

ያን ዕለት ያየችው ተማሪዎ፣
ኸይራት