የቀኝ ጌታው ድምፅ

ለምወድህ ወንድሜ ለአብይ ገብረ ማርያም፣

እንደምን ሰንብተሃል ወንድምዓለም? ጉልበትህስ፣ እንቅልፍህስ? ያ ክረምቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጥህ የከረመው ወባ ለቀቀህ ወይ? የጁባ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እህትህ ሰርካዲስ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፤ የፋብሪካው ሥራም እንዳለ ነው። እማዬም ደህና ናት፤ ወገቧን ቢያማትም መቀመጥ አይሆንላትም፣ ታውቃት የለ። አባባም በሕይወት አሉ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ የሚቀጥለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።

የአባባ ጉሮሮ መዝጋት ጉንፋን አልነበረም። ባለፈው ጥቅምት ሐኪሞቹ ዕጢ ነው አሉን። ማንቁርታቸው ተቆርጦ ካልወጣ ብዙ አይቆዩም፤ ከወጣ ይድናሉ፣ ድምፅ የሚባል ነገር ግን ከእንግዲህ አይኖራቸውም። በስልክ ልነግርህ ስንቴ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት። አሁን የጎረቤታችን ልጅ ኩኩ ወደ እናንተ አገር ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ።

አባባ በደብራችን በቀኙ ረድፍ ራስ ቆመው ማኅሌት መምራት የጀመሩት እኔና አንተ ሳንወለድ ነው። ቀኝ ጌታ ሲሏቸው ስማቸው እንጂ ሹመታቸው አይመስልም። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና፣ ይህን ድምፅ የሰጠኝ ጌታ ነው፣ ሲፈልግ እሱው ይውሰደው እንጂ በቢላዋ አላስወስድም ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጭር አለ። እሁድ እሁድ ደሴ እነእማዬ ዘንድ ሳድር፣ ጧት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፋችን ድረስ ይገባል፤ አባባ እዚያ ጉም ውስጥ ቆመው በተሰነጠቀው ድምፃቸው ያዜማሉ። እሳቸው አይታዩም፣ የሚሰማው ዜማው ብቻ ነው። በእንቅልፍ ልቤ ስሰማው ያሉ ሳይሆን የነበሩ ሰው ይመስሉኛል።

ሰዉም በየፊናው ተናገረ። አንዱ ጠበል ይሻላል ይላል፤ ሌላው እግዚአብሔርን ያመሰገነ ጉሮሮ ብረት አይነካውም ይላል። አባባ ሞትን የፈሩ አይመስለኝም። የፈሩት ዝም ብሎ መኖርን ነው። እማዬን፣ ማመስገን ካልቻልኩ በፊቱ ምን ብዬ እቆማለሁ ይሏት ነበር። እሷም ስትችል ስትችል ከርማ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እግዚአብሔር ሰማይ ሙሉ ዘማሪ አለው፤ እኔ ግን ያለኝ ባል እርስዎ ብቻ ነዎት» አለቻቸው። አባባ ጠጋ ብለው ፊቷን አዩት። ኋላ፣ ሽንኩርቱ ነው ወይስ ታለቅሻለሽ ብለው ጠየቋት። ምን አገባዎት አለቻቸው። ሳቁ፣ ወንድሜ! ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ። በማግስቱ ሆስፒታል ሄደው ቀጠሮውን ያስያዙት ራሳቸው ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ስለነበር፣ አውሮፕላኑም በጧት ስለሚነሣ፣ ከዋዜማው ጀምረው እኔ ዘንድ ኮምቦልቻ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ከፓፓያው ሥር ወንበር አውጥተው ተቀመጡና የሚያውቁትን ሁሉ ማዜም ጀመሩ፤ የጾሙን፣ የፋሲካውን፣ የጽጌውን፣ ወቅት ሳይመርጡ። ድምፃቸው ሲሰበር ውኃ ይጎነጫሉ፣ ይቀጥላሉ። ዜማዎቹን አንድ በአንድ እየሳሙ የሚሰናበቱ ይመስሉ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ራቢያ የከፈተችውን ሬዲዮ ዘጋች። ሲጨርሱ ወደ አጥሩ ጠጋ ብላ፣ «አባቴ፣ አላህ አፊያዎን ይመልስልዎ፤ ዛሬ እኔም ቤት በረካ ገባ» አለቻቸው። እሳቸውም አሜን አሉ። ሁሉንም በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ግን ብቻዬን ልከፍተው ወኔ አላገኘሁም፣ አንተ ስትመጣ አብረን እንሰማዋለን።

ከቀዶው በኋላ በመጀመሪያው ጧት፣ ዓይናቸውን ገልጠው እንደ ልማዳቸው በስመ አብ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሐኪሞቹ ለመተንፈሻ በከፈቱላቸው የአንገት ቀዳዳ አየር ብቻ ሽው አለ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ እንባቸው መጣ። እማዬ ወዲያው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለች፤ እሳቸው አማተቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ትላለች፣ እሳቸው ያማትባሉ። ወንድሜ፣ እኔ ደግሞ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ጥምቀት ሲደርስ አቧራው ለአንገትዎ አይሆንም ብለን ብንለምናቸው ወይ ፍንክች! እማዬ አንገታቸውን በንጹሕ ሻሽ ሸፈነችላቸውና ወጣን። መዘምራኑ ፊት ለፊት ሁለት ረድፍ ሠርተው ቆመዋል። አባባ ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ቀሩ። ለካ ከልጅነቱ ያስተማሩት አግማስ በቀኙ ረድፍ ራስ የእሳቸውን ቦታ ክፍት ትቶ እየጠበቀ ኖሯል። ታቦቱ ቆሟል፣ ሰዉ ቆሟል፣ አግማስ አይጀምርም። በመጨረሻ ሰዉ እየገፋፋ አስገባቸውና መቋሚያቸውን አነሡ። አግማስ ከጎናቸው ሆኖ ዜማውን አወጣ፤ እሳቸው በመቋሚያቸው ሲመሩ ረድፉ ሁሉ ወዲህና ወዲያ ይል ጀመር። ያን ጊዜ ፀሐዩም፣ አቧራውም፣ ጥላዎቹም እንደ ሕልም ቀስ አሉብኝ። ከመካከል የአባባን ድምፅ ለይቼ የሰማሁ መሰለኝ። ጆሮዬ ይሁን ናፍቆቴ አላውቅም።

ድንገት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀጥ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እንባቸው ሻሹ ላይ ይወርዳል። አመማቸው ብዬ ስሮጥ በእጃቸው ተይኝ አሉኝ። ቤት ገብተንም ምን ነክቷቸው እንደነበር አልነገሩኝም።

እንግዲህ ሰላምታውን ልቀጥልልህ። እማዬ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ብላሃለች፤ ደግሞም ትንሽ ወፈር በል ብላሃለች። አግማስ እጅ ይነሣሃል። ራቢያም አላህ በሰላም ይመልሰው ብላለች። አብረውህ ለሚኖሩት ጓደኞችህ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

አባባን ደግሞ ዛሬ ጧት ደሴ ሳለሁ፣ ለአብይ ምን ልበልልዎ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከንፈራቸውን እንዳነብ ቀስ ብለው እየደጋገሙ የነገሩኝን እንዳለ ጻፍኩልህ፦ «ልጄ፣ ዕድሜ ልኬን ስመራ የራሴ ድምፅ ሸፍኖብኝ ኖሯል። ማኅሌቱ ለካ እንዲህ ያምራል። ዘንድሮ ሰማሁት።»

እህትህ ሰርካዲስ ገብረ ማርያም
ኮምቦልቻ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.