እንጨቱን የያዙት እጆች

ጂንካ፣ መስከረም ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ለአብዮት በዓሉ የፈረስ ዝላይ ውድድር ዋና ዳኛ፣ ለክቡር ጓድ ውባየሁ፤

ብዕሩን የያዘው ባለሱቁ ኸይሩ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የደበሌ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ጥፋት ቢገኝበት እሱን እንዳይዙብኝ፤ ኸይሩ የሚያውቀው ጨርቅና ጨው መሸጥ ነው። ደብዳቤው ለእርስዎ ቢላክም ገበያው መግቢያ ላይ ደግሞ ይለጠፋል፤ ምስጋና በጓዳ አይሆንም ብዬ ነው።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ እንደምን አለ? በበዓሉ ዕለት ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታዎት ስለነበር ሐሳብ ገብቶኝ ሰነበትኩ።

ልጄ አረጋሽ በዳማው ፈረሴ፣ የሚስትዎ ወንድም ነጋሽ በግራጫ ፈረሱ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ሲወዳደሩ የጂንካ ሕዝብ ቆሞ አይቷል። ያሸነፈ አርባ ምንጭ ሄዶ ለአውራጃችን ይዘላል፣ መኪናውም ቅዳሜ ይነሳል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል። እርስዎም ነጋሽ አሸነፈ ብለው ፈረዱ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ የነጋሽ ፈረስ የሚዘለለው እንጨት ዘንድ ደርሶ እግሩን ተክሎ እምቢ ሲል እኛ መሃይሞቹ ፈራ አልን። እርስዎ ግን ብድግ ብለው፣ ፈረሱ የቆመው ለክብር መድረኩ አክብሮት ነው፣ ጥፋት አይባልም ብለው አስተማሩን። ፀጉሬ እስኪሸብት ከፈረስና ከበቅሎ ጋር ስኖር የነቃ ፈረስ መኖሩን አላውቅም ነበር። የተደራጀ መሆኑን ደግሞ ወዲያው አየሁ።

ሁለተኛ፤ እንጨቱን ግራና ቀኝ በእጃቸው ይዘው የቆሙትን ሁለት ሚሊሺያዎች ስለመረጡልን እግዜር ይስጥልኝ። ነጋሽ ተመልሶ ሲመጣ እንጨቱ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አረጋሽ ስትመጣ ደረታቸው ላይ ወጣ። በሰዎቹ አልፈርድም። የጌታ ዘመድ ሲያልፍ ጎንበስ ማለት የቆየ ልማድ ነው፤ ሰው ሲጎነበስ የያዘው እንጨትም አብሮት ይጎነበሳል። እኔማ ልማዱ ከጌቶቹ ጋር የቀረ መስሎኝ!

ዳማው ያንንም ዘለለው። የኋላ ሰኮናው እንጨቱን ነካ አደረገው እንጂ አልጣለውም። እርስዎ ግን ከዚያ ሁሉ ርቀት አይተው «ነክቷል!» አሉ። ስለ ዓይንዎ በከንቱ ነው የተጨነቅሁት።

ሦስተኛው ይብሳል። ከፍታው እኩል አልነበረም ብዬ ስጮህ አልናቁኝም፤ ሜትር አስመጡልኝ። እንጨቱን ሣሩ ላይ አስተኝተው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስለክተው፣ «ይኸው አባባ፣ ለሁለቱም ፈረስ ያው አንድ እንጨት ነው፤ አላጠረም አልረዘመም» አሉኝ። መድረኩ አጨበጨበ። ፍትሕ ተጋድማ ስትለካ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አልዱባ ገበያ የማገኛቸው የበና ሰዎች ልጃቸው ለአቅመ አዳም ደርሶ የተደረደረ ከብት ሲዘል ዳኛ ወንበር ላይ አያስቀምጡም። የዘለለውን ሁሉም ያየዋል፣ የወደቀውንም ሁሉም ያየዋል። የማንም ዘመድ ይሁን፣ በሬው ጎንበስ አይልለትም። እነሱን ነው እዚህ ከተማ ያልሠለጠኑ የምንላቸው።

አረጋሽ ከዚያ ቀን ወዲህ ፈረሱን አልጫነችም። «አባዬ፣ ብዘልስ ምን ዋጋ አለው?» አለችኝ። ጥያቄው የእርስዎ ነውና ለእርስዎ ልኬዋለሁ። መልሱ ቀላል ነው፤ ቅዳሜ መኪናው ሳይነሳ ሁለቱም እንደገና ይዝለሉ። እንጨቱን የሰው እጅ አይያዘው፤ ሁለት ባላ መሬት ላይ ይተከልና እዚያ ላይ ይጋደም። ባላውን እኔ ቆርጬ አመጣለሁ።

ለፍርድዎ ስፋትና ለአማችነትዎ ጽናት፣ ነጋሽ ሲመጣ እንጨቱ ዝቅ ያለውን ያህል ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ የምነሳዎ፣ በጣቴ የፈረምኩ፣

ደበሌ

ማሳሰቢያ፤ አርባ ምንጭ እንጨቱ የሚጋደመው ባላ ላይ ነው ይላሉ። ባላ አማች የለውም። ስለዚህ ነጋሽን የሚልኩት ከሆነ ሁለቱን ሚሊሺያዎችም አብረው ይጫኗቸው።

በል ኸይሩ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ያለዘብከው ቃል ካለ እንደነበረ ትመልሰዋለህ።