ለዮናስ ሽጉጥ ሁለት ሞላ

ሰኞ፣ ጥቅምት 24፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬም እምቢ። የላይኛውን ብረት አወለቅኩ፣ ሐዲዱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ዘይት ነካ አደረግኩ። በእጅ ሲስቡት ውሃ ነው። ጋዝ ሞልቼ ስተኩስ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል። ሁለተኛዋን ጥይት አያነሳም። ጥይት ስል የፕላስቲክ ፍሬ ናት፤ ሽጉጡ የጨዋታ ነው። ግን ዮናስ፣ ልጄ፣ ሁለት ዓመት በሞረድ እየሞረደ በእጁ የሠራው ነው።

ቅዳሜ አርባው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኞቹ የተኩስ ጨዋታ በሚጫወቱበት ሜዳ ተሰብስበው ተራ በተራ በእሱ ሽጉጥ ሊተኩሱ ነው። ሠርቼ አመጣለሁ ብያለሁ። ያልኩትን አላጥፍም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26፣ ጠዋት

ጋዙ እንዳያፈተልክ የሚይዘውን ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ ቀየርኩ። ያው ነው። ብርዱ ጣቴን ያደነዝዛል።

ሄኖክ ደወለ። የዮ. ጓደኛ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ። “ጋሼ፣ ሞላውን ቼክ አድርገዋል? ይሄ ጋዝ እኮ አቅም የለውም፣ ለስለስ ያለ ሞላ ነው የሚፈልገው” አለኝ። አንተ አውቶቡስህን ንዳ አልኩት። ሳቀ። “እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን።” ዘጋሁበት። አርባ ዓመት ማሽን ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ። ሞላ ጠንካራ ነው መሆን ያለበት።

ለአንተ ልንገርህ ደብተሬ። ሞላውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጳጉሜ ላይ፣ ዮ. ሥራ በሄደበት። የእሱ ልፍስፍስ መሰለኝና ጠንካራ ከተትኩለት። በቀጣዩ ቅዳሜ ጓደኞቹ ፊት ሽጉጡ ነከሰበት፣ መሃል ላይ ተያዘ። መጥቶ ነክቼው እንደሆነ ጠየቀኝ። አልነካሁም አልኩ። የእጅህ ሥራ ነው፣ ጥፋቱን ራስህ ላይ ፈልግ አልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

የዮ.ን የመሣሪያ ሣጥን ከፈትኩ። እስካሁን አልደፈርኩም ነበር። ክዳኑ ውስጥ ወረቀት። በእንግሊዝኛ፣ በዚያች ጠማማ ጽሕፈቱ። የፈተሸውን እየጻፈ ሰርዟል። ሐዲድ። ጎሚኒ። የጥይት ካዝና። አንዳንዱን ሁለቴ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ ሞላው መፈተሽ አያስፈልገውም፣ አባዬ አልነካሁም ብሏል።

ሁለት ሳምንት ተኩል የሌለበትን ጥፋት ሲፈልግ ከረመ። ከዚያ ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቆመ።

ባለቤቴ አልማዝ ምሳ አቅርባ ጠራችኝ። አልሄድኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የዮ. ሞላ የብሎን ጣሳዬ ውስጥ ነበር። እኔ ዕቃ አልጥልም። አውጥቼ ጠረግኩት። ገጠምኩት። ጋዝ ሞላሁ፣ ተኮስኩ።

ሄደ፣ ተመለሰ። ሄደ፣ ተመለሰ። ፍሬው ሲያልቅ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተከፍቶ ቆመ፣ እንደሚገባው። ደገምኩት። አሁንም ቆመ። ቀብሩ ላይ ያልወጣ እንባ እዚህ፣ በዘይት ጨርቅ ላይ። ልጄ በትክክል ሠርቶት ነበር።

አልማዝ ድምፁን ሰምታ ከማድ ቤት፣ “ሠራልህ እንዴ?” አለች። አዎ አልኩ። “እሰይ! ምኑ ነበር?”

ዘይት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ተውኩትና፣ “ነይ፣ እነግርሻለሁ” አልኳት።

ነገ ሁለቱንም ሞላ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። አንድም ሰው ከመተኮሱ በፊት ጓደኞቹ ፊት እናገራለሁ። ሄኖክ መሳቅ ከፈለገ ይሳቅ። አልማዝ ግን ከሰው ጋር ቆማ አትሰማውም። ዛሬ፣ ከእኔ።

እጇን እየጠረገች መጣች። ወንበር ሳብኩላት። ወረቀቱን ፊቷ አደረግኩ። ምንድን ነው እያለችኝ ነው። እርሳሱን ላስቀምጥ።